ከሜዳው የለቀምኳቸው ድንጋዮች

ደሴ፣ ሆጤ
መስከረም 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለመምህር በሺር፤ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ንዴቴም ደህና ነው። ደብዳቤህን ነጋዴው ኑርሁሴን ከኮምቦልቻ ይዞልኝ መጣ። ራሴ ነኝ ያነበብኩት፤ አንተ አስተምረኸኝ እንዳይመስልህ! የሰው ልጅ ስታስተምር እየዋልክ ለሚስትህ መች ጊዜ ነበረህ? ጥለኸው በሄድከው ደብተር ነው ፊደል የቆጠርኩት።

«የስደተኛ ልጆች አስተምር ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ የደሴው ድካሜ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ውሃ በላው፤ ወደብ ላይ ጨው ባስጭን ይሻለኛል» ትላለህ። ቆይ፣ ውሃ በላው ብሎ ማን ነገረህ? ስማኝማ።

ክረምቱ የጓሮውን ካብ ናደብኝ። የሚክብልኝ ወንድ የለ፤ ወንዱ ጅቡቲ ነው። ታች ሜዳው ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አየሁና ባለቤት የሌለው መስሎኝ በቅርጫት አመላልሼ ካብኩት። በማግስቱ ከጁምዓ መልስ በሬ ላይ ጫጫታ ሰማሁ። ብወጣ ያንተ ተማሪዎች! ጢም ሊያበቅሉ ደርሰዋል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም።

«እትዬ ከሪማ፣ ድንጋያችንን!» አለ ሞላ፣ የቄሱ ልጅ።

«የምን ድንጋይ? ሜዳው የአባትህ ነው?»

«የዝላያችን ምልክት ነው እኮ! ጋሼ ናቸው ያስጀመሩን። ሁሉም የዘለለበት ላይ የራሱን ድንጋይ ያኖራል፤ ሲያልፈው ወደፊት ይወስደዋል። የሌላ ሰው ድንጋይ አይነካም።»

«ጋሼህ ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱ አይደለም እንዴ!»

«ቢሄዱስ? እግራችንን ይዘው ሄዱ?»

ወላሂ ሳቄ አመለጠኝ። «አሁን ባላችሁበት የጣሊያን ትምህርት ቤት አያዘሏችሁም?» አልኩ።

«ሰውዬው ፊሽካ ይነፋል፣ ዱላ ይዟል» አለ ዘይኑልአቢዲን፣ ያ አንድ እግሩን የሚያነክሰው። «ፊሽካው ሲቆም ሁሉም ወደ ቤቱ ይሮጣል። እኔንማ ከሰልፍ ውጣ ብሎኛል። ጋሼ ከሞላ ጋር አወዳድረውኝ አያውቁም፤ ከትናንቱ ዘይኑ ጋር ነው።»

ካቤን አፈረሱት። እያንዳንዱ ድንጋዩን እንደ በጉ ለይቶ ያውቃል! እኔም ተከትዬ ወረድኩ። ድንጋዮቹ የነበሩበትን ቦታ ዝናቡ አጥፍቶታል፤ ልቡ የከጀለ አንድ ክንድ አርቆ ቢያኖር ማን ያውቃል? አሁን ሊዋሹ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ሞላ አኖረ፤ አየ፤ ራሱን ነቀነቀና ስንዝር ወደ ኋላ ሳበው።

«ምነው መለስከው?» አልኩት።

«ነገ ዘልዬ ባልደርስበትስ?» አለኝ።

ዘይኑ ከሁሉ አቅርቦ አኑሮ፣ «ከሰኔ ወዲህ አራት ጣት ጨምሬያለሁ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ይዘሉ ጀመር። እስኪመሽ። ደግሞ በየእሑዱ እስከ ገራዶ ይሮጣሉ አሉ፤ ይኸንንም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እኔ «ፍየል ነው እንዴ የምታስተምረው» እያልኩ ስንት ዓመት ሰደብኩህ። በሺር፣ አላየሁም ነበር። ሳትሰናበተኝ በመሄድህ አሁንም አልታረቅኩህም፤ አስተማሪነትህን ግን ማንም ቢያማብኝ አልሰማም፣ አንተም ብትሆን። ጨውን ማንም ያስጭነዋል። ነገውኑ ሂድና ለእነዚያ ልጆች አንዳንድ ድንጋይ ስጣቸው፤ ድንጋይ ከሌለ የባሕር ዛጎል ይሁን።

ጀሊሉ ጉልበትህን ያበርታልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ እንጀራህን አያርቅብህ።

ሚስትህ ከሪማ

አንዲት ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ማንም ሳይወስዳት ቀረች። የማን ናት ብል «የጋሼ» አሉኝ። ውሰዱና ቦታዋ አኑሯት ብላቸው እምቢ አሉ፤ የሌላ ሰው ድንጋይ አይነካም። ስለዚህ እኔው ጋ በሩ ሥር ናት። ካቡም እንደፈረሰ ነው።