ባዶ የወጡት የሞጣ ኩባያዎች

ሰኞ፣ ቢቸና

ዐሥራ ሁለት ኩባያ ቀብሬ ሰባት አገኘሁ። ሦስቱን ላም ረግጣቸዋለች። አንዱ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። አንዱን ደግሞ የጋሼ ሙላት ባለቤት አጥባ ጨው አድርጋበታለች! «የተጣለ መስሎኝ ነው እኮ» አለችኝ። አፉ ከአፈሩ እኩል ሆኖ የተቀበረ፣ የሳሙና ውሃ ያለበት ኩባያ ማን ይጥላል?

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ጥናት ይኼ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ጋሼ ሙላት ፖማቸውን ኬሚካል ይረጫሉ። ሞጣ ያሉት መሪጌታ ይሁኔ ግን ፍግና ከዛፉ ሥር የሚነጠፍ የሣር ጉዝጓዝ እንጂ መድኃኒት አያስጠጉም። እኔ በሁለቱም ዛፎች ሥር የሚርመሰመሰውን፣ ጉንዳኑን፣ ሸረሪቱን፣ ጥንዚዛውን፣ በኩባያ እያጠመድኩ እቆጥራለሁ። ዛሬ በሰባቱ ኩባያ ዘጠኝ ጉንዳንና አንድ ሸረሪት። የጠበቅኩት ነው።

ጋሼ ሙላት አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «መምህርት፣ እኔ ደክሜ የገደልኩትን አንቺ ምን ልታደርጊው ትቆጥሪዋለሽ?» አሉ። ባዮሎጂ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ሞጣ

የሚኒባሱ ረዳት የአልኮል ጠርሙሴን አሽትቶ «አረቄ ነው?» አለ። ነፍሳት እንዳይበሰብሱ ማቆያ ነው ስል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ይሳቁ።

ሳቁ ግን ምንም አልነበረም። የመሪጌታ ኩባያዎች ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ዐሥራ ሁለቱም! ባለፈው ጊዜ ከዚሁ ቦታ ያወጣሁትን ቆጥሬ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ዛሬ በሁሉም ተደምሮ አራት ጉንዳን። ጉዝጓዙ ላይ ጥንዚዛዎች በጀርባቸው ተንጋለው ሞተዋል።

«መሪጌታ፣ መድኃኒት ተረጭቷል እንዴ?»

«በእኔ ግቢ? ከየት መጥቶ!» አሉ። ወዲያው ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። እናቴ ደህና ናት።

ረቡዕ

ያደርኩት አክስቴ ቤት ነው። ጠዋት አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። «ያንን የሞጣ ዙር ከዳታው አውጪውና ቀጥዪ» አለኝ፤ ሽሮ ውስጥ የገባ ጠጠር ይመስል። ስልኩን ዘጋሁና ምክንያት መጻፍ ጀመርኩ፦

ዶሮ ገብቶ ይሆናል። (ዶሮ የላቸውም።)
ሳሙናው በዝቶ ይሆናል። (ቢቸናም ያው ሳሙና ነው።)
ፀሐይ።

አራተኛውን መጻፍ ፈራሁ። ተመልሼ ሄድኩ። መሪጌታ ከቅኔ ተማሪዎቻቸው ጋር ነበሩ፤ ባለቤታቸው እማማ ጥሩወርቅ ጓሮ ተቀበሉኝ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ልጄ፣ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ የፖሙን ቅጠል ጠቅልሎ ሊጨርሰው ነው። ልጃችን ከባሕር ዳር ሲመጣ መድኃኒት ይዞ መጣና ረጨው። እንዳልነግርሽ ተብያለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። ቀጥ ብዬ ተማሪዎቹ መካከል ገብቼ፣ «ዐይኔን እያዩ ዋሹኝ!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። መሪጌታ አቀረቀሩ። አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል?

ሐሙስ

ዕቃዬን ሸክፌ ልወጣ ስል መሪጌታ አክስቴ በር ላይ ቆመዋል። ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው!

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ» አሉ። «የረጨው ልጄ ነው፤ እሺ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ከወረዳ ሰው እያመጡ ‹መድኃኒት የማያውቅ እርሻ› ብለው ያሳዩኛል። ዛፉ ሲያልቅብኝ ለማን ልናገር? አፈርኩ። እኔ ቅኔ ያፈረሰ ተማሪ ቆሞ ‹አፈረስኩ› ሳይል አላስቀምጠውም። ራሴን ግን አስቀመጥኩ።»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። በተማሪዎቻቸው ፊት ስለጮኽኩ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ በይ ተነሺ» አሉኝ።

አክስቴ ውሃ ስታቀርብላቸው፣ በወሬ መሐል፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር፣ ልጃቸው የረጨው የግቢውን የላይኛውን ክፍል ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። የታችኛውን እማማ ጥሩወርቅ «ጉድጓድ ውሃዬን ትመርዛለህ» ብለው ከልክለውታል። እና ይኼን እስከ ዛሬ ማንም አይነግረኝም! የእኔ ኩባያዎች ሁሉ የተቀበሩት ላይ ነው።

ሸክፌ የነበረውን ፈታሁ። ግቢያቸው ተመልሼ ስድስቱን ታች፣ ስድስቱን ላይ ቀበርኩ። ወገቤ ተቆረጠ።

ቅዳሜ

የታችኛዎቹ ሞልተዋል። ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ ጥንዚዛ፣ በጭራዋ ተስፈንጥራ የምትዘለው ደቃቃ ነጭ ፍጥረት ሳትቀር። ላይኛው ዛሬም ምንም የለውም። አንድ ግቢ፣ አንድ ፍግ፣ ሠላሳ እርምጃ ልዩነት። መሪጌታ ማጉያ መስታወቴን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«የላይኛው መቼ ይመለሳል?»

«አላውቅም፣ መሪጌታ።»

«ክሽክሹንስ ምን እናድርገው?»

እሱንም አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ለአማካሪዬ ዙሩን እንደማላወጣ፣ እንዲያውም የጥናቱ ዋና ነገር እሱ እንደሚሆን ጻፍኩለት። አልመለሰም። ምናልባት አንድ ዓመት ይራዘምብኛል።

ከመሄዴ በፊት መሪጌታ ስለ እርሳቸው የጻፍኩትን እንዳሳያቸው ጠየቁ። የጥናት ደብተሬን ሰጠኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ከዚያ ብዕሬን ጠየቁና «መድኃኒት ተረጭቷል» ከሚለው አጠገብ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው «በባለቤቱ ፈቃድ» ብለው ጨመሩ። የፊደል ግድፈቴንም አረሙልኝ። ሁለት ቦታ።