ስለ ወንድሜ ሲዲ፣ ስለ ማኅተሙና ስለ ምሳሩ

ለተከበሩ አቶ ሀብቴ
የዋርካ በር ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

የእርስዎም፣ የቤተሰብዎም፣ የመሥሪያ ቤትዎም ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ ለዛሬ አለሁ። ክረምቱን ወገብዎን አሞዎት ከረመ ሲሉ ሰምቼ ነበርና እግዜር ይማርዎ፤ ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ ክፉ ነው። ስሜ የትናየት ይባላል፤ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር መምህርት ነኝ። ባለፈው ጥር በሰርግ ዳስ ውስጥ ጭንቅላቱን በምሳር የተፈለጠው የሙሉቀን ታላቅ እህትም ነኝ። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው፤ በአደባባይ መጻፌም ውለታዎ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የሰርጉ ካሜራማን ደሞዝ፣ ሙሉቀን የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ ለእንግዳ ሲቀዳ፣ ገዳዩ ደምሌም ከኋላው ምሳሩን ሲያነሳ ቀርጾ በአንድ ሲዲ አስረክቧችሁ ነበር። ለራሱ አላስቀረም፤ መንግሥት ዘንድ ከገባ አይጠፋም ብሎ አምኖ በሜሞሪው ላይ ሌላ ሰርግ ቀረጸበት፣ የዋህ! ደምሌ ጩቤ መዞብኝ ነው የመታሁት ይላል። ሦስት መቶ እድምተኛ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ወጡን ሲያይ እንደነበር ቃሉን ሰጥቷል። የደምሌ ወገን ብዙ ነውና አልፈርድባቸውም፤ ብቻ ያልፈራ ምስክር ያ ሲዲ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ያለ ማኅተም ማስረጃ አይቀበልምና፣ የማስረጃ ክፍል ሠራተኛዎ አቶ ይርጋ ወረቀት በክብ ቆርጠው፣ ኮላውን እስኪንጠባጠብ ቀብተው፣ ማኅተም መትተው፣ በሚያብረቀርቀው ፊቱ ላይ ለጠፉበት። ሲዲ የሚነበበው በዚያው በሚያብረቀርቀው ፊቱ መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይሁንና ያኔም ቢሆን ለብ ባለ ውሃ ቢነከር ወረቀቱ ይለቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥገናው። በነሐሴ፣ ማለትም ሙሉቀን ከተቀበረ ከሰባት ወር በኋላ፣ ሲዲውን ለማየት ፈቃድዎ ሆነ። የኮምፒዩተሩ ሲዲ ድራይቭ ወረቀቱን ከነኮላው ዋጠ፣ አጓራ፣ ቆመ፤ አልከፈትም አለ። ኮምፒዩተሩን አጠፋችሁት፣ አበራችሁት። በጥፊ መታችሁት፣ ከዚያ በቡጢ። ጸበል የረጩበትን ጸሐፊዎን ወይዘሮ ዝናሽን ግን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ቢያንስ ማንን መጥራት እንዳለባቸው ያውቃሉ። ከድራይቩ ፊት መርፌ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ አግራፍ አቃንተው ቢገፉባት ይከፈታል። ይህን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያውቁታል። አግራፌን ይዤ ሦስት ጊዜ በርዎ ድረስ መጣሁ፤ የሟች ቤተሰብ ማስረጃ አይነካም ተባልኩና ሦስቴም ተመለስኩ። ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከቃል በላይ ነው። አቶ ይርጋ ካቻቢቴ ፈልገው አጡ። ስለዚህ የኤግዚቢት ክፍሉን ከፍተው ምሳር አመጡ። ሌላ ምሳር አይደለም፤ ያንኑ፣ ቁጥር የተለጠፈበትን፣ የወንድሜ ደም እጀታው ላይ የደረቀበትን። በስለቱ ድራይቩን ፈለቀቁት፤ እምቢ ሲላቸው አንስተው አወረዱበት። እርስዎም አጠገባቸው ቆመው ቀስ በል፣ ቀስ በል ይሉ ነበር አሉ። ሲዲው አራት ቦታ ተሰብሮ ወጣ። ይህን የነገሩኝ ቀን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ያ ምሳር በእጄ ቢሆን ኖሮ እርስዎን ለማዳን እግዜርም ባልደረሰ ነበር። አልቅሼ፣ ወደ ክፍሌ ገብቼ አስተማርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ማስረጃው በቴክኒክ ብልሽት ስላልተነበበ ክሱ ተቋርጦ ደምሌ በመጪው ዓርብ እንዲለቀቅ ፈርመዋል። ፊርማዎ ያምራል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ደምሌን አትልቀቁት። ሲዲው አለ ተብሎ እስከ ዛሬ ያልተጠየቀው ካሜራማኑ ደሞዝ ያየውን ሊመሰክር ዝግጁ ነው፤ ቃሉን እስክትቀበሉ ድረስ እንኳ አቆዩልኝ። ስለጠላሁት ብቻ አይደለም፣ ጠልቼዋለሁም። ምስጋናው የሚባል አንድ ወንድም ቀርቶልኛል። ስምንት ወር ሙሉ ደም ልመልስ ብሎ በተነሳ ቁጥር፣ ሲዲው ይናገርልናል፣ አንተ ዝም በል እያልኩ እጁን ይዤዋለሁ። ተቆጥቶ ደረቴን መትቶኛል፤ አልለቀቅኩትም። አሁን ምን ብዬ ልያዘው? ዓርብ ደምሌ ከበርዎ ሲወጣ አንዱ ይወድቃል። ደምሌ ቢወድቅ የደምሌ ወንድሞች አሉ፤ ምስጋናው ቢወድቅ ከእኛ ቤት ወንድ አይቀርም። እንግዲህ የወንድሜን ገዳይ ጠብቁልኝ ብዬ የምለምን እኔ ነኝ፣ ጉድ ነው።

ትዕግሥትዎ እንዳይጎድል፣ ወገብዎም እንዲጠናልዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የትናየት
የሙሉቀን እህት፣ ለጊዜው የምስጋናውም እህት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ጓዳ ብገባ የአባታችን ጠመንጃ ከተሰቀለበት የለም፤ ምስጋናውም የለም። ወዴት እንደሄደ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ደምሌን ማቆየት ካቃታችሁ ምስጋናውን ፈልጋችሁ እሰሩልኝ። ገና ምንም አላጠፋም፤ ያላጠፋ ሰው ማሰር ደግሞ ቸግሯችሁ አያውቅም።