የአጎቴ መኪና ቀላሉ ዘንግ

ሶዶ፣ ቅዳሜ ጥር 16

እኔ ትዕግስት፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ፤ አጎቴን ሸውጄዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ እየገጣጠመ ለሠራት የስፖርት መኪና፣ ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ ቀየርኩበት። እሱ ዕቃ የሚመርጠው ለመስቀል በሬ እንደሚገዛ ሰው ነው፤ ካልከበደው አያምንም። መኪናዋ ታዲያ ዳገት ባየች ቁጥር ታቃስታለች። ቶርኖ ቤት የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ከብረት ቱቦ ቀላል ዘንግ ሠራልኝ። ግራሶ ለቅልቀን አሮጌ አስመሰልነውና አጎቴ ቸርች ሳለ ገጠምነው።

ዛሬ አባቴን ጭኖ ተበላ ከተማ ወረደ። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ዘንጉ ቢቆረጥስ? ምሳዬን ትቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ጸለይኩ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ምንም ሳታቃስት በሩ ላይ ደረሰች። እፎይ! ሁለቱም ደህና ናቸው። አጎቴ ደረቱን ነፍቶ፣ "አየህ ወንድሜ፣ ከባድ ብረት እንዲህ ነው!" አለ። ሳቄን በእጄ አፈንኩት።

አሁን ከመኪናዋ ስር ተኝቶ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በመዶሻ እየመታ አባቴን ያሰማዋል።

"ስማ፣ ይሄ ድፍን ነው። ይሄም ድፍን። ይሄ ደግሞ..."

ዕቃው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። እንደገና መታው።

"አንቺ ትዕግስት!"