መርዶ ነጋሪ ያጣ ቤት

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል። ጠላው ቀጠነ ብለው አሙኝ አሉ፤ አንቺም ብትኖሪ ታሚኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ግራ ስለገባኝ ነው። ድሮም ግራ ሲገባኝ የምመጣው አንቺ ዘንድ ነው።

ልጅሽ ይሁኔ ከጦርነቱ መጥቷል። በእግሩ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ግራ ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል እንጂ ደህና ነው።

አንቺ ስትሞቺ እሱ ግንባር ነበር። በስልክ ሲጠይቀኝ ጠበል ሄዳለች አልኩት። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ገብቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞት ነው የሚነገረው። እዚያ ሆኖ ቢሰማ ማን ይይዘዋል ብዬ ነው። የእድራችን ዳኛ አያ ደሴም፣ ይሁኔ ሲመጣ እኛ እንነግረዋለን፣ አንቺ አፍሽን ያዢ ብለውኝ ነበር። ያዝኩ።

ኅዳር እንደ ገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቦርሳውን ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው "እማዬ ጠበል ናት" የሚል ቃል ነበር። ይህችን ነገር ያዥልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በማግስቱ አያ ደሴ ዘንድ ሄድኩ። እሁድ እንመጣለን አሉኝ። እሁድ አልመጡም። ደግሜ ስሄድ ገብሱ ይታጨድና አሉኝ። ሦስተኛ ስሄድ ስለ ድንች በሽታ ሲያወሩልኝ ቆይተው ሸኙኝ። ይሁኔ በየማታው ስላንቺ ይጠይቀኛል፣ እኔም ውሸቴን እቀጥላለሁ። ምስጢሩ እንዴት ሳይወጣ እንደ ቆየ ታውቂያለሽ? መንደሩ ስላላናገረው ነው።

ሲሄድ እንዴት እንደ ሸኙት ታስታውሻለሽ። እትዬ ጥሩሰው ከበሮ ይዘው እስከ አስፋልቱ ወረዱ፣ ያልዘፈነ አልነበረም። አንቺ ብቻ ኪሱ ውስጥ ቆሎ እየጨመርሽ ተቆጣሽ፤ ዘፈኑን ሲመለስ ዝፈኑለት አልሻቸው። ያ ጦርነት ዛሬ ባለቤት የለውም እማዬ። ዘፍኜ ነበር የሚል አንድ ሰው አላገኘሁም። አንዳንዱ ወታደር ያለበት ቤት ሲገባ እንዳይታይ ይፈራል፣ ጊዜው ክፉ ነው። የአንዳንዱ ልጅ አብሮት ሄዶ ቀርቷል። አንዳንዱ ደግሞ እዚያ ምን ሲያደርግ እንደ ከረመ በምን እናውቃለን ይላል። የማን ዝምታ የቱ እንደ ሆነ ከፊታቸው ላገኘው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። እትዬ ጥሩሰው በራችንን አቀርቅረው ያልፋሉ። ግን ጾሙ ሳይገባ አንድ ጠዋት እርጎ በቅል አጥራችን ሥር አስቀምጠው ሲመለሱ አየኋቸው። ጠልተውት ነው ወይስ አዝነውለት? አንቺ ጓደኛቸው ነበርሽ፣ ንገሪኝ እስቲ።

በእነሱ ብቻ እንዳልፈርድ ደግሞ የራሴ አለብኝ። ግድግዳው ላይ የሰቀልሽው የይሁኔ የወታደር ልብስ ፎቶ ትዝ ይልሻል? አንድ እንግዳ ትኩር ብሎ ሲያየው ደነገጥኩና አውርጄ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ይሁኔ የመጣ ዕለት ባዶውን ሚስማር አየው።

በሦስተኛው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ደርሶ መጣ። ጫማ ገዝቶልሽ ነበር፤ እግርሽ እንደሚያብጥ አስታውሶ አንድ ቁጥር ጨምሮበታል። ነገ ሄጄ ይዣት እመጣለሁ፣ የትኛው ጠበል ናት አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። ጎህ ሲቀድ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ደጅ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግቢው መሀል ቆሜ "እማዬ" ብዬ ጮኽኩ። እንደዚያ የጮኽኩት አንቺ የሞትሽ ቀን ብቻ ነው። ያኔ ገባው።

መንደሩ በሙሉ መጣ እማዬ። እትዬ ጥሩሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። አያ ደሴ እንዳይወድቅ ወገቡን ይዘውት እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ የእውነት ነው ያለቀሱት። ሦስት ቀን አብረውን ተቀመጡ፣ ንፍሮ በላን፣ ሌሊቱን ሳይቀር ያደሩ ነበሩ። ለካ ይወዱታል ብዬ ደስ አለኝ፤ በለቅሶ መሀል ደስ አለኝ ብል ይቅር በይኝ። በአምስተኛው ቀን ሮብ ገበያ ስንሄድ መንገድ ላይ ይሁኔ አያ ደሴን ሰላም አላቸው። የበቅሏቸውን ልጓም ማስተካከል ጀመሩ። እትዬ ጥሩሰውም እንደ በፊቱ አቀርቅረው አለፉ። ያንቺ ልጅ ሲሆን ያውቁታል፣ ከጦርነት የመጣ ሲሆን አያውቁትም። እኔ የማውቀው አንድ ይሁኔ ነው፤ የቱን ለቅሶ ደርሰውት የቱን መንገድ ላይ እንዳለፉት አይገባኝም።

ባለፈው ሳምንት ድንች እየላጥን ሳለ ይሁኔ፣ ሁሉም እግዚአብሔር ያጽናህ አለኝ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ያለኝ ግን የለም አለኝ። እንደ ተራ ወሬ ነው የተናገረው። ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። የመጣበትን ቀን ከበሩ ጀምሬ አስታወስኩት። እኔም አላልኩትም እማዬ። ውሸቴን ለማስቀደም ስቸኩል ቃሉን ረሳሁት፤ ከዚያም ቀኑ አለፈ።

አንቺ ብትኖሪ ገና ከሩቅ ስታዪው እልል ብለሽ አገሩን ታነቂው ነበር። ያን አልረሳም። ዘፈኑን ሲመለስ ዝፈኑለት ያልሽውንም አንቺ ዘንድ እስክመጣ ድረስ ይዤዋለሁ። ፎቶውን ዛሬ ጠዋት ሚስማሩ ላይ መልሼዋለሁ። ጫማሽ ከሥሩ ነው።

ይሁኔ አሁን ማሳ ላይ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እንኳን ለቤትህ አበቃህ እለውና እልል እላለሁ። መርዶ በቅርቡ የተነገረበት ቤት እልል አይባልበትም ይሉኝ ይሆናል፤ ልክ መሆኔንም አላውቅም። ድምፄም እንዳንቺ አይደለም። ግን ያን ቀን ጩኸቴን የሰማ ሁሉ ይህንንም ይሰማል። ለጩኸቴ ሮጠው የመጡት ለእልልታዬ ይምጡ አይምጡ እንጃ።

ልጅሽ