ከጃንጂራ መልስ፣ ለአባተ

የልቤ ሰው አባተ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ሦስተኛውን ፋሲካ ያለ አንተ ፈሰክን።

እኔ ያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያው አፓርታማችን ውስጥ ነኝ። ልጃችን ሳሮን ትምህርቷን ጨርሳ እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ ሥራ ይዛለች። መኪናህን የምትነዳው እሷ ናት። ለረጅም እግርህ ወደ ኋላ የተገፋውን ወንበር ወደ ፊት ስባው ሳይ፣ ጋቢና ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ግን እኔንና ሳሮንን አራርቆን ነበር። እህትህ እትዬ በላይነሽ ከደሴ እየደወሉ፣ "አጽሙ ካገሩ ይግባ እንጂ" ይሉኛል። እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ስለነበርኩ እዚህ ያለው መቃብርህ ላይ ድንጋይ አላቆምኩም። ሳሮን ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ሲከፋት ወደ እንግሊዝኛ የምትሸሽ ልጅህ ያን ቀን በአማርኛ፣ "እኔስ እማዬ? አባቴ ጋ ለመሄድ ውቅያኖስ ልሻገር?" አለችኝ።

ባለፈው ጥር፣ "አባባ ሁሌ የሚያወራውን ቦታ እንይ" ብላ ሕንድ ወሰደችኝ። ፑኔ ስትማር ለዕረፍት ወርደህ ያየኸው የራይጋድ አውራጃ ልክ እንደነገርከኝ ነው። በምሥራቅ የሰሃያድሪ ተራሮች፣ በምዕራብ የዓረብ ባሕር፣ በመካከላቸው የኮኮናት ዛፍና የታጨደ የሩዝ ማሳ ያለበት ቀጭን መሬት። ጃንጂራ ደግሞ ባሕሩ ውስጥ የቆመ ጥቁር ምሽግ ነው። አባቶቻቸው ከኛ በኩል በባርነት የተጋዙ ሲዲዎች ገዢ ሆነውበት፣ የዚያው አገር ነገሥታት ማራታዎች ደጋግመው ቢዘምቱም ሳያስነኩት፣ እስከ ሕንድ ነፃነት ቆይተዋል።

ውሃ እንደምፈራ ታውቃለህ። የሸራው ጀልባ ሲናጥ ሳሮን እጄን ጨምድዳ ይዛ አሻገረችኝ። በጨው ባሕር መሀል የሚጠጣ ውሃ ኩሬ አለ አንተ ስትለኝ ስቄብህ ነበር። አለ፤ አየሁት።

ልቤን የያዘው ግን የብስ ላይ ያለው መቃብራቸው ነው። ኮካሪ የምትባል መንደር አጠገብ፣ የሲዲ ገዢዎች ጉልላት ባላቸው የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ተኝተዋል። አንዲት ሲዲ ሴት ደጁን ትጠርግ ነበር። ሹፌራችን ዘራችን ከኢትዮጵያ መሆኑን ሲነግራት ቀና ብላ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ "እኛም ከዚያ ነን ይላሉ፤ ሙታኖቻችን ግን እዚህ ናቸው" አለች። ሹፌሩ ተርጉሞ ሳይጨርስ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የእነዚህ ሰዎች እናቶች ልጆቻቸው የት እንደወደቁ ሳያውቁ ሞቱ። የልጅ ልጆቻቸው ግን የአባቶቻቸውን መቃብር ያውቃሉ። ሳሮንን ጠርቼ፣ "የአባትሽ አጽም አይነሳም፤ አንቺ ጋ ይቆያል" አልኳት። እንደ ሕፃን ጉልበቴ ላይ ተደፋች።

ለእትዬ በላይነሽ መንገሩ ከባሕሩ ይልቅ አስፈራኝ። አለቀሱ፤ "አገር አሳጣሽው" ብለው ዘጉብኝ። እስካሁን አልደወሉም። እኔ ግን በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ አንድ ቀን ያነሱ ይሆናል።

ድንጋይህ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቆመ። ስምህን በአማርኛ ያስቀረጸችው ሳሮን ናት።

አባተ፣ እኔ በቁሜ ሳለሁ ከቅዳሴ መልስ አንተ ጋ ሳልደርስ ቤቴ አልገባም። ጉልበቴ ሲደክም ልጅህ ደግፋ ታመጣኛለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ አጠገብህ ነኝ።

ያንተው፣
አስካለ