ጫማ የማይሸጥበት ጫማ ቤት

ለውድ እናቴ፣

የእናንተ የኩሺሮ ባሕር ብርዱን ወደ ቤት ማስገባት ሳይጀምር ይህች ደብዳቤ እንደምትደርስሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? አባባን ያ ሳል ተዋቸው? አያቴስ እህል እየቀመሱ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ቁጣዬም ደህና ነው፤ አልበረደም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ብቅ ያለ ምስማር መመታቱ አይቀርም፣ አንገትሽን ደፍተሽ ፈርሚና ተመረቂ ብለሻል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ኦሳካ ያለውን አሮጌ ገበያ ሱቅ በሱቅ ዞሬ የሠራሁትን ጥናት ፕሮፌሰሩ በራሱ ስም አሳተመው። የእኔ ነው ብል ስም አጥፊ ተባልኩ። የይቅርታ ወረቀት ካልፈረምሽ አትመረቂም አሉኝ። እኔው ተሰርቄ እኔው ይቅርታ ልለምን?

ያን ሰሞን ዩኒቨርሲቲው አስጠልቶኝ ቀኑን እዚያው ገበያ ውስጥ እገፋው ነበር። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጣሪያ ስላለው ዝናቡ አያገኝሽም፤ ሰው ግን ያገኝሻል። የአኩሪ አተር አይቡን፣ ቶፉን የሚሸጡት ጋሽ ኢሶቤ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ በዚህ ፊትሽ የአኩሪ አተር ወተቴን ሳልነካው ታረጊብኛለሽ ይሉና ከዚያው ወተት ትኩሱን በብርጭቆ ይሰጡኛል። ሥጋ ሻጯ ደግሞ የድንች ጥብስ በገዛሁ ቁጥር አንድ ምርቃት ትጨምርልኛለች። ዩኒቨርሲቲው ባያስመርቅሽ እኔ መርቄሻለሁ ትለኛለች።

ነገሩን የፈቱት ግን ከሕዝብ መታጠቢያው ጎን ያሉት መነጽር ሻጯ እትዬ ሶኖዳ ናቸው። አንድ ቀን የፕሮፌሰሩን መጽሐፍ ይዤ ሱቃቸው ተቀምጬ ስብሰለሰል ከእጄ ወሰዱትና የገበያው ካርታ ያለበትን ገጽ ገለጡ። የራሳቸውን ሱቅ በጣታቸው ፈልገው አገኙና ሳቁ። በእሳቸው ሱቅ ቦታ ላይ የታተመው «የእንጨት ጫማ መሸጫ» ይላል።

እማዬ፣ የስህተቱ ሥር እኔ ነኝ። በዚህ ገበያ ሱቅ የሚጠራው በሚሸጠው ዕቃ አይደለም፤ በድሮ ስሙ ነው። የእትዬ ሶኖዳ አባት የእንጨት ጫማ ሠሪ ነበሩ። እሳቸው ሞተው ሱቁ ወደ መነጽር ከዞረ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሰዉ ግን ዛሬም «ጫማ ቤት» ነው የሚለው። እኔም ጆሮዬ ስለለመደው በማስታወሻዬ ላይ «ጫማ ቤት» ብቻ ብዬ አለፍኩ፣ የሚሸጠውን መጻፍ ረሳሁ። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ለድሮ ገበያ እንዲስማማ አሳምሮ «የእንጨት ጫማ መሸጫ» አደረገውና፣ በመቅድሙ ላይ እያንዳንዱን ሱቅ በእግሬ ዞሬ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ጻፈ።

«ልጄ፣» አሉኝ እትዬ ሶኖዳ፣ «እዚህ መስኮት ላይ ጫማ የታየው ሰው መነጽር ያስፈልገዋል። ይምጣ፣ በነጻ እለካዋለሁ።»

ባለፈው ማክሰኞ ጉዳዬን የሚያየው ኮሚቴ ፊት ስቀርብ ብቻዬን አልነበርኩም። ገበያው የሚያርፈው ረቡዕ ነው፤ እትዬ ሶኖዳ ግን በሥራ ቀን የሱቃቸውን መዝጊያ አውርደው አብረውኝ ሄዱ። ከባላቸው ቀብር ወዲህ እንዲህ አድርገው አያውቁም። ጋሽ ኢሶቤ ቤት ለቤት ዞረው ያመጡት ወረቀትም በእጄ ነበር። ሠላሳ አንድ ባለሱቅ፣ መጥታ የጠየቀችን ተማሪዋ ቺግሳ ብቻ ናት፣ ሌላ ሰው አላየንም ብለው የየስማቸውን ማኅተም አትመውበታል። በአንዱ ማኅተም ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል፤ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሰብሳቢዋን የለመንኩት አንዲት ጥያቄ እንዲጠይቁልኝ ብቻ ነው። ከሕዝብ መታጠቢያው ጎን ያለው ሱቅ ምን ይሸጣል ብለው ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ፕሮፌሰር ጠየቁት። ሳያመነታ የእንጨት ጫማ አለ፤ ባለቤቱንም በደንብ አነጋግሬያቸዋለሁ ብሎ ጨመረበት።

እትዬ ሶኖዳ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «ባለቤቷ እኔ ነኝ። ተገናኝተን ከነበረ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዓይንዎን ሳልለካ ነው የሸኘሁዎት።»

ማንም አልሳቀም። የእሱ ጆሮ ግን እንደ በሰለ ሸርጣን ቀላ።

ትናንት መልሱ መጣ። የይቅርታው ወረቀት ቀርቷል፤ ጥናቴንም ሌላ መምህር ይመረምረዋል። የመጽሐፉ ጉዳይ ገና ነው፣ እሱንም አልተወውም። ምክርሽን ባለመስማቴ ተቀይመሽኝ ይሆናል። ግን ያኔ አንገቴን ደፍቼ ቢሆን ዛሬ እነዚህን ሰዎች ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር። ውለታቸውን እንዴት እንደምከፍል አላውቅም። ሳመሰግናቸው፣ ይልቅ ብዪ፣ ከስተሻል ይሉኛል። እባክሽ ከእናንተ ባሕር ዳርቻ ለሾርባ የሚሆን የደረቀ የባሕር ቅጠል ላኪልኝ፣ ደህና አድርገሽ ላኪው፤ ሠላሳ አንድ ቤት ማዳረስ አለብኝ።

አባባን፣ ልጅዎ አልታሰረችም፣ አልተባረረችምም በያቸው። አያቴን ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ እትዬ ሶኖዳ ለእሳቸው የማንበቢያ መነጽር እያዘጋጁ ነው። አጎቴ ኢሳኦ ጀልባቸውን በሰላም ያግቡ። ወንድሜ ቶሞናሪ ደብተሩን ለማንም እንዳያውስ፣ ካዋሰም ስሙን በትልቁ እንዲጽፍበት ንገሪልኝ።

ከታች ስሜን እስከነአባቴ የጻፍኩት የረሳሽኝ መስሎኝ አይደለም። ከእንግዲህ እኔ የጻፍኩት ነገር ሁሉ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ልጅሽ
ቺግሳ ኩዋባራ

ኦሳካ፣ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21 ቀን