ስለ እማዬ ኮምፒውተርና ስለ ሰላት ልብስሽ

ለውድ እታለም ኤንቲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ፣ ናፍቆትሽ አላስቀምጥ ብሎኛል። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የምትጦሪያቸው አሮጊት አሁንም በእንቅልፍሽ ይጠሩሻል ወይስ ትንሽ አሳረፉሽ? ታይዋን ሙቀቱ ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ፤ ውኃ መጠጣት እንዳትረሺ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባዬንም ሳሉ ለቆታል።

ደህና ነን ያልኩት ለአፍ ያህል ነው። እኔ ደህና አይደለሁም። ሁለት ጊዜ ደውዬ ስለ ዝናብና ስለ ቃሪያ ስለፈልፍ ቆይቼ የዘጋሁት ዋናውን ነገር መናገር ፈርቼ ነው። ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ወደዚያ የምትመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ኢማስ ታደርስልሻለች። እባክሽ አንብበሽ ሳትጨርሺ አትቆጪኝ።

የእማዬን ኮምፒውተር ታውቂዋለሽ። የጥልፍ ማሽኑ ከእሱ በቀር የማንንም ትእዛዝ አይሰማም፤ የሚግባቡትም በአሮጌው ዊንዶውስ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛ "ይሄ ኮምፒውተር ከአያቴ ጋር ነው እንዴ የተወለደው?" ብላ ሳቀችብኝ። ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ እልህ ይዞኝ አዲሱን አስጫንኩበት። መልኩ አማረ፤ ማሽኑ ግን ዲዳ ሆነ። ለረመዳን የታዘዙት ሃያ የሰላት ልብሶች ሳይጠለፉ ተቆልለዋል። አባዬ እየተነሳ ይቆጥራቸዋል። የእሱን ቆጠራ ታውቂው የለ፣ ከስድብ ይብሳል።

ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ከገበያው ጀርባ ወዳለው ጠጋኝ፣ ወደ ጋሽ ኤንግኮስ ሄድኩ። "አንቺ ልጅ፣ አዲስ ሚስት ያገባ ሰው እንኳ አሮጊት እናቱን ከቤት አያስወጣም። ምን በደለሽና አባረርሽው?" ብሎ ቀለደብኝ። አሮጌው ሲመለስ "ሲ" የሚሉት ክፍል ሙልጭ ብሎ እንደሚታጠብ፣ "ዲ" የሚሉት ግን እንደማይነካ ነገረኝ። ዕቃሽ የት ነው ሲለኝ "ዲ ላይ ነዋ፣ ሌላ የት ይሆናል!" አልኩት አፌን ሞልቼ። እዚህ ሁሉም ሰው ዲ ላይ አይደል የሚያስቀምጠው! ከፍቼ እንኳ አላየሁም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ተመለሰ፤ ማሽኑ ተንቀጠቀጠና መርፌው መዝለል ጀመረ። አባዬ አጨበጨበ። እኔ ግን ማያ ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። የእማዬ ጥልፎች የሉም። ለካ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት ተደርድሮ የሚታየው ሁሉ ሲ ውስጥ ነው! እማዬ ደግሞ "ጓዳ የገባ ነገር ይረሳል" እያለች ሁሉንም እዚያው ፊት ለፊት ነበር የምትደረድረው። ዲ ውስጥ ያገኘሁት የአባዬን የቁርአን ቅጂዎች ብቻ ነው። ደንበኞቹ ያዘዙት የዝናብ ጠብታ ጥልፍ የለም፤ አንቺ ልትሄጂ ሰሞን ለሠርግሽ ብላ የሣለችው የጃስሚን አበባም የለም። ጋሽ ኤንግኮስ ሲፈልግ ውሎ "የፈሰሰ ውኃ ነው ልጄ" አለኝ። እማዬን ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ፣ እታለም።

ለአባዬ ስነግረው አልተቆጣም፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ። ቆየት ብሎ "ኤንቲን ልትሄድ ሰሞን እናትሽ አንዲት ትንሽ ፍላሽ በላስቲክ ጠቅልላ መርፌ አቀብለኝ ብላኝ ነበር። ምን ልትሠሪ ነው ብላት፣ አርፈህ ተኛ አለችኝ" አለ። ያኔ የመጀመሪያው ስልክሽ ትዝ አለኝ። እማዬ የሰጠችሽ የሰላት ልብስ ቅምቅማቱ ውስጥ አንድ ደረቅ ነገር እንዳለና ስትሰግጂ ጉልበትሽን እንደሚወጋሽ አልነገርሽንም? እማዬም ስቃ "ቻይው፣ ቤትሽን እንዳትረሺ ነው" አለችሽ። እኛ የልብስ ቁልፍ ነገር መስሎን ነበር፤ ጥልፎቿን የገለበጠችባት ፍላሽ ብትሆንስ?

ልብሱ አሁንም አለ? ወይስ አርጅቶ ጣልሽው? ሦስት ዓመት ሙሉ ስታጥቢው ውኃ ገብቶበትስ እንደሆነ? ይህን እያሰብኩ እህል ከአፌ አይገባም።

አባዬ ይስምሻል፤ ማሽኑን በየማለዳው ዘይት እየቀባ ይጠብቅሻል። ባለቤቴ ዋህዩ ሰላም ብሎሻል። ልጄ ኔንግ የእጇን ቅርፅ ከወረቀቱ ጀርባ ሥላልሻለች። ለአሮጊቷም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እታለም፣ ቅምቅማቱን ቀስ ብለሽ ዳብሽው። ካገኘሽው አትቅደጂው፤ ክሩን አንድ በአንድ ፍቺው። እሱም የእማዬ እጅ ነው።

እህትሽ ኒኒንግ
ካዋሉ፣ ታሲክማላያ
ሰኞ፣ ሜይ 4 ቀን 2015